ወድቆ ነበር?

ጥር 4
አራት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ወንድሜ ምሳ ሰዓት መጥቶ የሞተሩን ባትሪ እንደ ልማዱ በር ሥር ሰካው። ዕቃ አመላላሽ ነው፤ ሞተሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ባትሪው ተነቅሎ ቤት ይገባል። አሥራ ሁለት ኪሎ።
አባባ ከአልጋው ሆኖ፣ "ልጅ ውለድ ብንለው ባትሪ ታቅፎ መጣ" አለ። ግማሽ ጎኑ መንቀሳቀስ ካቆመ ወዲህ ምላሱ የሁለት ሰው ይሠራል።

ጥር 5
አባባን ደግፌ ሽንት ቤት ሳደርስ የቻርጀሩ ገመድ ጠለፈኝ። ሁለታችንም ወደቅን።
"ከበር ላይ አንሳው! አንድ ነገር ቢፈጠር በየት ልንወጣ ነው?"
"ሌላው ሶኬት ይላቀቃል" አለ ወንድሜ።
"አሠራው ታዲያ!"
"አንቺ ነሽ እንዴ የምታዢኝ?"
ሰደብኩት። አንገቴን ይዞ ከስፌት ማሽኑ ጋር አጋጨኝ። ጎኔ በልዟል። አባባም ድሮ ሲመታን አንገታችንን ነበር የሚይዘው... ከአልጋው ሆኖ አየ።

ጥር 6
ጠዋት ወንድሜ ሲታጠብ ባትሪውን ይዤ ወጣሁ። ደጅ ላስቀምጥለት ነበር... ነበር እንዴ? አልነበረም። ከደረጃው ላይ ወረወርኩት። ሦስት የድንጋይ ደረጃ። እያንዳንዱን ሲመታ ደስ አለኝ።
ከዚያ ፈራሁ። አንዱ ጥግ ተሰንጥቋል፣ ፀጉር የምታህል። በጨርቅ ጠርጌ ቦታው መለስኩት። ወንድሜ ሳያይ ይዞት ሄደ፣ ሞተሩም ሠራ። እንግዲህ ምን ሆነ?

ጥር 9
ጎረቤታችን ኤሌክትሪሽያኑ ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ ባትሪውን አየ። ወንድሜ ምሳ እየበላ ነበር።
"ይሄን እዚህ አትሰካ፣ ወንድሜ። ደጅ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ የሚቀጣጠል ነገር በሌለበት። ካበጠ ወይ ከወደቀ ደግሞ ጨርሶ እንዳትሰካው። ዛሬ ሠራ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ውስጡ ተጎድቶ ቀን ሊጠብቅ ይችላል።"
"የኔ ወድቆ አያውቅም" አለ ወንድሜ እያኘከ።
መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። አሁን ብናገር... በሰው ፊት? ሰውየው ሲወጣ ወንድሜ ይገድለኛል። ነገ እነግረዋለሁ።

ጥር 10
አልነገርኩትም።

ጥር 13
ትናንት ቀትር ላይ ነው። ባትሪው እንደተሰካ ነበር። ወንድሜ ደጅ ሞተሩን ያጥባል፣ እኔና አባባ ውስጥ።
መጀመሪያ እንደ ማንቆርቆሪያ አፏጨ። ነጭ ጭስ፣ ጉሮሮ የሚቆርጥ። ልነቅለው ተነሣሁ። አልደረስኩም። ፈነዳ። ውስጡ ያሉት ጣት ጣት የሚያክሉ ብረቶች እንደ ጥይት ግድግዳውን መቱት። አንዱ ብርድ ልብሱን በስቶ አባባ እግር ላይ አረፈ። መጋረጃው፣ የሰው ሱሪ፣ ሁሉም ተያያዘ። በሩ እሳት ነው። መስኮቱ ፍርግርግ... ሌባ እንዳይገባ ወንድሜ ራሱ ያስበየደው።
ፍርግርጉን ይዤ ጮህኩ። ወንድሜ ዲጂኖ ይዞ ሮጠ። እየተሳደበ፣ እያለቀሰ ግድግዳውን ደበደበው። አልነቀል ሲለው የጋለውን ብረት በባዶ እጁ ይዞ ጎተተ። የመዳፉ ቆዳ ብረቱ ላይ ቀረ። አባባን እንደ ጆንያ ስቦ አወጣው፤ እኔም ተከትዬ ወጣሁ። የማይንቀሳቀሰው እግሩ ከጉልበት በታች ተቃጥሏል። አልተሰማውም። "ምንድን ነው የሚሸተው?" አለ።
የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሁሉን በውሃ ካጥለቀለቀ በኋላ ወንድሜን፣ "ባትሪው ወድቆ ነበር?" ብሎ ጠየቀው።
"አልጣልኩትም! በእናቴ አጥንት!"
ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጋጨ። ደጋግሞ። ሁለት ሰው ያዘው።
እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ጥር 19
ኤሌክትሪሽያኑ ጓሮው ያለችውን ክፍል ሰጥቶናል። ሰፈሩ ወንድሜን "አባቱን ያቃጠለው" ይለዋል። እጆቹ በፋሻ ስለታሰሩ በማንኪያ ላበላው ስል ፊቱን ያዞራል።
ዛሬ አባባ ድንገት፣ "አንቺ፣ ያን ጠዋት ደረጃው ላይ ሦስቴ የጮኸው ምን ነበር?" አለ።
ሰምቶ ኖሯል።
"ባትሪው ነው። ወረወርኩት።"
ወንድሜ ተነሥቶ በታሰረ እጁ አፌን መታኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። እሱም ጮኸ። ፋሻው ቀላ፤ የማን ደም እንደሆነ አልለየሁም።
"ለምን አልነገርሽኝም?"
"ትመታኛለህ ብዬ።"
"ይኸው መታሽ" አለ አባባ። "ታዲያ ምን አተረፍሽ?"
ማንም አልሳቀም።

የካቲት 11
አሠሪው ሌላ ባትሪ ከሰጠው ሳምንት ሆነው። ደጅ ነው የሚሰካው፣ ሲሚንቶ ላይ። አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ሲሞላ ይነቅላል። ከንፈሬ ድኗል፤ ስስቅ ብቻ ይጎትተኛል።
ዛሬ ጠዋት በሩን በክርኑ ገፍቶ ገባ። መዳፉ አሁንም በደንብ አይጨብጥም።
"ጣልኩት።"
"ከየት?"
"ከወገቤ። ሲሚንቶው ላይ።"
"ተሰነጠቀ?"
"ምንም የሚታይ የለውም።"
ወጥቼ አየሁ። ባትሪው ግቢው መሀል ብቻውን ተቀምጧል፣ ከቤቱ የራቀ። ቻርጀሩ ተጠቅልሏል። ወንድሜ አሠሪው ጋ ደውሎ፣ "ከእጄ ወድቋል፣ አልሰካውም" አለ። የሰውየው ጩኸት እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ስልኩን ከጆሮው አርቆ ጩኸቱ እስኪያልቅ ጠበቀ።
እኔ አሥራ ሦስት ቀን የፈጀብኝን ቃል እሱ ጫማውን ሳያወልቅ ተናገረው።