በአግዳሚው ወንበር ላይ ጣቴን ስለማወዛወዜ

ለተከበሩ የዓይን ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና፣ ፊት ለፊትም ሆነ በግራና በቀኝ፣ አብዝቶ ይስጥልኝ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። እኔ ተራ በሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ «ሕሙማንን ያለ ፈቃድ በመመርመር» በፊርማዎ የታገድኩት ልብስ ሰፊ ነኝ። እገዳውን ተቀብዬ ደግሜ አንብቤዋለሁ፤ እንደማልፈጽመውም ከእነ ምክንያቴ በትሕትና እገልጻለሁ።

፩. ታናሽ እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ባለፈው ዓመት የጠረጴዛ ዳር ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ እየነካች መጣል፣ የበር መቃን በትከሻዋ መግጨት፣ አጠገቧ የቆመ ሰው ሲያናግራት መደንገጥ ጀመረች። ደንበኞቿ «ደንባራዋ» አሏት፤ እሷም አብራቸው ሳቀች። ራስ ምታቱ ሲጠናባትና የወር አበባዋ ሲቀር ግን ሳቁ ቀረና ወደ እናንተ መጣን። ክፍልዎም የግድግዳውን ፊደላት እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ መስመር አስነብቦ፣ ዓይኗ የንስር ነው ብሎ አሰናበተን። በተመለስን ቁጥር ያው ሰሌዳ፣ ያው ንስር። ስለ ምርቃቱ እናመሰግናለን።

፪. ራስ ምታቷን ለአንድ ክፍል፣ የወር አበባዋን ለሌላ፣ ዓይኗን ለእርስዎ አድርጋችሁ አንዲቱን ሴት እንደ ጣቃ ቆራረጣችኋት። እኔ እንኳ የቆረጥኩትን መልሼ እሰፋለሁ።

፫. ክፍልዎ የጎን ዕይታ የሚለካ መሣሪያ የለውም ብዬ አልወቅስም፤ አለው። የክብር እንግዳ መጥቶ እስኪመርቀው ድረስ ሪባን ታስሮበት፣ አቧራ እንዳይነካው ተሸፍኖ ተቀምጧል። ለመሣሪያው የታሰበለትን ያህል ለእህቴ ቢታሰብላት ምንኛ ደስ ባለን!

በኋላ ሌላ ቦታ ያገኘነው ሐኪም መሣሪያም አላሻውም። አንድ ዓይኗን አስሸፍኖ፣ አፍንጫውን ብቻ እንድታይ ነግሯት፣ ጣቱን እያወዛወዘ ከዳር ወደ መሃል አመጣ፤ ሌላውንም ዓይን እንዲሁ። በሁለቱም ዓይኖቿ በውጭው ጎን በኩል ምንም አታይም ነበር። ከአንጎል ሥር ባለችው፣ ፒቱታሪ በምትባለው አተር የምታህል ዕጢ ላይ የበቀለ እባጭ የዓይን ነርቮቿን ተጭኗቸው ኖሯል። በአፍንጫዋ በኩል ገብተው አወጡላት። ከጠፋው ዕይታ ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ ቀረ። ሐኪሙ ቀደም ብሎ ቢደረስበት የቀረውም ሊተርፍ ይችል እንደነበር ሲነግረን እህቴ አለቀሰች። እኔ ተናደድኩ፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

፬. ስለዚህ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ጣቴን አወዛውዛለሁ። በሽታ አልሰይምም፣ መድኃኒት አላዝም፤ ጎኑን ያላየ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህንኑ ለሐኪሙ ሳይነግር እንዳይወጣ እመክራለሁ። ግድግዳዎ ላይ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚል ተጽፎ ስላየሁ መመሪያ መስሎኝ ነበር። ጌጥ መሆኑን ስላስረዱኝ ባለውለታዎ ነኝ።

ጣቴን የማጥፈው ሐኪሞችዎ የራሳቸውን ባነሡ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ማኅተምዎን አያድክሙ።

ከማይጎድል አክብሮትና ከማይታዘዝ ጣት ጋር፣
የ«ደንባራዋ» ታላቅ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ጠዋት እህቴም እኔም እዚያው አግዳሚ ላይ ነን። እኛን የሚያስወጣ ጥበቃ ሲልኩ እባክዎ ፊት ለፊት ይምጣ፤ እህቴ ከጎን የሚመጣ ሰው አታይም።