የሚያፈሰው ቆርቆሮ

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ ፲፩ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ከብቶቼን ሸጬ አራት ክፍል የኪራይ ቤት የገዛሁበትን ቀን እረግማለሁ! ሣሩን አንስቼ ቆርቆሮ ባላለብሰው ኖሮ ጣልያን ዞር ብሎም አያየው ነበር። ሲያብረቀርቅ አይቶ ተከራዮቼን አስወጣና ወታደሮቹን አስገባበት። ኪራይ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ደግሞ በአስተርጓሚ አስጠራኝና፣ "ቤትህ ያፈሳል፤ መጥተህ ጠግን" አለኝ። ሲያፈስ ጊዜ የኔ ሆነ!

ቆርቆሮውን ያስመታሁት ርካሽ ነው ብዬ በሣር ከዳኝ ነበር። ምስማሩን ሁሉ ከፍ ባለው ሸንተረር ላይ መምታት ሲገባው፣ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ቸነከረው። በዝናብ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ስቀጠቅጥ፣ ተከራዬ የነበሩት እማሆይ በመንገድ ሲያልፉ አዩኝና ቆሙ።

"አይ ልጄ፣ አምና ክረምቱን ሙሉ ስለምንህ አንድ ቀን እንኳ አልወጣህም እኮ" አሉኝ።