ከቀንዶች መሀል የሚታዩ ራሶች

ኅዳር 3
ሙቀት። ጄኔሬተሩ ዛሬም ሁለቴ ጠፋ። ምሳ የደረቀ ዓሣ። ፈረንጁ ኮሎኔል ዱቫል እንደ ልማዱ የራሱን የቆርቆሮ ምግብ ከፍቶ በላ… የኛን ዓሣ ይፈራል መሰለኝ።
የአጋሮቻችን ድሮን አማፂዎችን ፍለጋ ሐይቁን ቀን ከሌት ያያል። እኔ የሐይቁ አገሮች ጦር መኮንን ተብዬ ከዱቫል አጠገብ እቀመጣለሁ። "መቶ አለቃ ካልቱማ፣ ይሄ ደሴት ማን ይባላል?" ይላል። እነግረዋለሁ። ሥራዬ ይኼው ነው።

ኅዳር 9
መቱ። ሳይጠይቁን መቱ።
ውሃው ውስጥ ራሶች ታዩ፣ ብዙ ራሶች። "አማፂዎቹ እየተሻገሩ ነው" አለ ዱቫል። "ከብት ነው እንጂ! ሐይቁ ሲሞላ ከብቱን በዋና ነው የምናሻግረው፤ እረኞቹ ጭራ ይዘው…" ሳልጨርስ ስክሪኑ ነጭ ሆነ።
ከሰዓት በጀልባ ሄድኩ። ውሃው ቀይ። ሆዳቸው የተዘረገፈ ላሞች ይንሳፈፋሉ። አንድ እጅ ጭራ እንደጨበጠ ቀርቷል… ሰውየው ግን የለም።
ዱቫል "ያሳዝናል" አለኝ። ያሳዝናል? ጉሮሮውን ልይዘው ምንም አልቀረኝ።

ኅዳር 10
አዛዣችን ጄኔራል ኢሳካ መጣ። አልጮኸም። ድሮኑ እንዳይነሳ የነዳጅ ቦቴዎቹን ማኮብኮቢያው ላይ አስቆማቸው።
"ድሮኑ የናንተ ነው፣ መሬቱ የኛ። ከእንግዲህ መኮንኔ ሳትፈቅድ አንድ ነገር አይተኮስም።"
"እርዳታው ይቆማል፣ ጄኔራል።"
"ይቁም።" መፋቂያውን ከአፉ አላወጣም። "ከየት ልትነሱ ነው? ጎረቤት አገሮቹም ዛሬ ጠዋት የአውሮፕላን ሜዳቸውን ዘግተዋል። ደውልና ጠይቅ።"
ዱቫል ደወለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ?

ኅዳር 16
ፈረሙ! የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣኑ የኔ ሆነ።
ማዲ ደሴት ያለችው አክስቴ ያጋና ደወለች። "አሁንስ ከብቶቼን ላሻግር?"
"አሻግሪ አክስቴ። ከሰማይ የሚመጣውን እኔ እይዘዋለሁ።"
"አንቺ? አንዲት ፍየል መያዝ ያቃተሽ?"
እስኪበቃን ሳቅን።

ኅዳር 24
ዛሬ አቧራ ነው፣ ሰማዩ አይታይም። በስክሪኑ ላይ ራሶች ወደ ማዲ ሲዋኙ… ቀንድ፣ ሰው፣ ቀንድ፣ ሰው።
"መሣሪያ የያዙ ይመስለኛል" አለ ዱቫል።
"ከብት ነው። የአክስቴ ሳይሆን አይቀርም።"
"እርግጠኛ ነሽ?"
"እዚሁ ውሃ ላይ ነው ያደግኩት። አትምቱ።"
አልመቱም። ኩራት ተሰማኝ።

ኅዳር 25
ማዲ የለም።
አማፂዎቹ የተዘረፈ ከብት ጭራ ይዘው ነው የተሻገሩት። ጠመንጃቸውን ቀንድ ላይ አስረው። ወንዶቹን ዓሣ ማድረቂያው ሥር ደርድረው አረዷቸው። የሸምበቆ ቤት እሳት ከነካው ምን ይተርፈዋል? ሕፃናቱ ውስጥ ነበሩ።
አክስቴን በሯ ላይ አገኘኋት። የጀልባ መቅዘፊያዋን ከእጇ አልለቀቀችም፤ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አንገቷ… አልጽፈውም።
ጥጃ አልነበረም። ከከብቱ ፊት ጥጃ የጫነ አንድም ጀልባ አልነበረም! የኛ ሰው ጥጃዎቹን በጀልባ ጭኖ ያስቀድማል፤ አለዚያ እናቶቹ ውሃ አይገቡም። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። እኔ ግን ፈረንጁን እንቢ ለማለት ቸኩዬ አይቼ አላየሁም።

ኅዳር 28
ዱቫል ሥልጣኑ ይመለስልን አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ በክፋት አይደለም።
"አይመለስም" አለ ጄኔራሉ። "እናንተ ከብት ነው ሲሏችሁ መታችሁ። እኛ ከብት መስሎን ተውን። የኛን ሙት እኛ እንቀብራለን።" ወደ እኔ ዞረ። "ልጄ፣ ሌላ ሰው ላምጣ ወይስ ትቀመጫለሽ?"
ተቀመጥኩ።
ከሰዓት ራሶች ታዩ። ጥጃ ፈለግሁ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን… ጀልባ የለም፣ ጥጃ የለም። ዱቫል አፌን ያያል። የተናደድኩት በአማፂዎቹ ነው ወይስ በራሴ? ምናልባት ጥጃዎቹ ቀድመው ተሻግረው ቢሆንስ? የምጠይቀው ሰው አልነበረም።
"ምቱ" አልኩ።
ጀልባው ተዘጋጅቷል። ማንን እንደገደልኩ ለማየት እየሄድኩ ነው።