ፊቱን ወደ ጎን ያዞረው ንጉሥ

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ፣ ተመስገን፣ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት አልቻልኩም። በስልክ ያልነገርኩሽ ልጅሽ ናኦድ ሰሞኑን ከጎኔ ስለማይለይ ነው። ደብዳቤውን ሐሙስ ወደ አገር ለምትበረው ለጎረቤታችን ለእናኑ በበሯ ሥር አሾልክላታለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የምንከባከባቸው ሽማግሌ፣ ሚስተር ላሞንት፣ ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አያቶቻቸው ከስኮትላንድ የመጡ ናቸው፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰበሰቡት የዚያን አገር የጥንት የብር ሳንቲም ነው። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው፣ እንደ ጥፍር የሳሳ። ጠዋት ጠዋት ከመሳቢያው እያወጣሁ መዳፋቸው ላይ አኖርላቸዋለሁ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሳንቲሙ ላይ ፊት ለፊት ያያል፣ የኛው የስኮትላንዱ ንጉሥ አሌክሳንደር ግን ወደ ጎን ዞሯል ይሉኛል፣ አፍንጫውን በጣታቸው እየዳሰሱ።

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ መኪናዬ አልነሳ ብሎኝ ናኦድ እሳቸው ቤት አደረሰኝ። ገብቶም ከሳቸው ጋር ሲጫወት ዋለ። የትኛው ሳንቲም እንደሚወደድ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም አንድ በአንድ አስረዱት። ጨዋታ ስለሚናፍቃቸው ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ጣታቸው አንዱ ሳንቲም ላይ ቆመ። ይሄ የኔ አይደለም፣ ጠርዙ ደንድኗል፣ አስመስለው የሠሩት ነው አሉ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ማን ገብቶ ነበር ሲሉኝ ማንም አልገባም አልኩ። እትዬ፣ ያኔ ፊቴ ላይ ድቅን ያልሽው አንቺ ነሽ። እሳቸው አልተቆጡም። ለማያይ ሰው ይህን ያህል የደከመ ተመልሶ ይመጣል፣ ፖሊስ ጋ ኮል አታድርጊ፣ ሲመጣ እኔው አናግረዋለሁ አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ስደርስ ደረጃው ሥር ወድቀው አገኘኋቸው። ትንፋሻቸው አለ፤ መሳቢያው ግን ባዶ ነው። በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያለን እሳቸውና እኔ ብቻ ነን፤ የኔን ደግሞ ከናኦድ ጋር የምንኖርበት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው የማስቀምጠው።

እሳቸው ሆስፒታል ተወሰዱ፤ የፖሊስ መርማሪ ሁለት ጊዜ አነጋገረኝ። ናኦድ ማክሰኞ መጋዘን ሥራ ላይ ነበርኩ አለኝ። ኬንት ከተማ ወዳለው መጋዘን ደወልኩ፤ ከለቀቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል አሉኝ። ይህን ለማንም አላወጣሁም። እሱ ግን ሽማግሌው ነቁ ወይ፣ ተናገሩ ወይ እያለ በየቀኑ ይጠይቀኛል። እንዲህ ደግ ሆኖ አያውቅም፤ ዕቃ ያጥባል፣ የምሄድበት ሁሉ ያደርሰኛል፣ ስልኬ ሲጮህ ከክፍሉ ወጥቶ ያዳምጣል።

ዛሬ ረፋድ ላይ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። ነቅተዋል፤ እኔን ብቻ ነው የጠሩት። ናኦድ በሩ ላይ ቆሞ ማን ነው አለኝ። የጥርስ ቀጠሮ ነው አልኩት። ከዚያ ኦኬ አክስቴ፣ እኔ እወስድሻለሁ አለና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። አሁን ውጭ መኪናውን እያሞቀ ነው፤ እኔ መታጠቢያ ቤት ተዘግቼ ይህን እጨርሳለሁ።

እትዬ፣ እመቤቴ ጤናሽን ትስጥሽ፤ ቤትሽን ትጠብቅልሽ። እሱን ምን ብዬ እንደምመርቀው አላውቅም። እሑድ እኔ ካልደወልኩልሽ እሱ ይደውልልሻል። የሚልሽን ሁሉ እሺ ብለሽ ስሚው፤ ይህን ማንበብሽን ግን እንዳትነግሪው።

የእናትሽ ልጅ፣
ታናሽሽ