በአደን ዋዜማ የተለካች ልጅ

ለክቡር ዶክተር ዌስሊ ትሬቫሮ
የኪቪ ሌክ ወረዳ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ኖቬምበር 24

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ በተለይም ለሁለቱም ክንዶችዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ክንድ ሲሰበር ምን እንደሚመስል ከሥራዬ የተነሳ ስለማውቅ ምኞቴ ከልብ ነው። እኔ ኢርማ ኮስኬላ፣ ከአሮጌው የእንጨት መሰንጠቂያ ጀርባ፣ አዳኞች የሚያመጡትን አጋዘን እየገፈፍኩና እየበለትኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ልጄ አይሊ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ናት። ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ ዕለት፣ ቦርድዎ ተሰብስቦ ከጓደኞቿ በመነጠል ስልሳ ማይል ርቆ ወደሚገኘው ልዩ ክፍል ሊልካት ማሰቡን በትሕትና ስላሳወቁኝ፣ እኔም ምስጋናዬን ሰው ሁሉ በሚያነበው የከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

አንደኛ፣ ልየታውን ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ትኩረት ማጣትና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ የሚባለው ችግር ያለባቸውን ልጆች ለመለየት ተማሪው ሁሉ ሊመረመር ነው የሚለው ወረቀት ቤቴ ሲደርስ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ነው የፈረምኩት፤ የአጋዘን ደም ያለበት ፊርማ በፋይልዎ ውስጥ ይገኛል። ታላቅ ወንድሜ ኡርሆ በዚሁ ችግር የተነሳ ልጅነቱን በሙሉ ሲገረፍ አድጓል፤ አባታችን በቀበቶው ብረት፣ መምህሩ በማስመሪያ፣ ጀርባው ላይ ጤነኛ ቆዳ እስኪጠፋ ድረስ። ሐኪም "አንተ ሰነፍ አልነበርክም እኮ" ያለው በአርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ያን ቀን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ስለዚህ እኔ የምርመራ ጠላት አይደለሁም። ለሚቀጥለው ልጅ ዱላውን ያስቀርለታል ብዬ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለልየታው የመረጡት ቀን እስካሁን ያስደንቀኛል። ሪፖርቱ በአሥራ አምስተኛው ቀን ለግዛቱ መድረስ ስለነበረበት ኖቬምበር 14 ከሰዓት በኋላ እንዲሆን አዘዙ። እዚህ ሐይቅ ዳር ተወልደው ያደጉ ሰው እንደመሆንዎ፣ በማግስቱ አደን እንደሚከፈት፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ በዚሁ ምክንያት ሰኞንም ጨምሮ እንደሚዘጋ፣ በዚያች ከሰዓት በኋላ ከልጅ እስከ አዋቂ አርፎ የሚቀመጥ ሰው እንደማይገኝ አይጠፋዎትም። አንድ መቶ አሥራ ስምንት ልጆች ጂም ውስጥ ተሰበሰቡ። መምህራኑ ያለፉትን ስድስት ወራት እያስታወሱ ስለ እያንዳንዱ ልጅ አሥራ ስምንት ጥያቄ መመለስ ሲገባቸው፣ ውጭ ፒክአፓቸው ተጭኖ ይጠብቃቸው ስለነበር ዓይናቸው ፊት ያለውን ብቻ እያዩ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረሱት። የአይሊ መምህርት ሚስ ፔልኪ ኋላ አጋዘኗን ልትወስድ መጥታ "ኢርማ ሙች፣ እኔ ራሴ ያን ቀን ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም፤ የአደን ቦቴን አድርጌ ነበር የዋልኩት። ቅጹን በኔ ላይ ቢሞሉት ኖሮ ወዲያው አምቡላንስ ይጠሩልኝ ነበር" ብላኛለች። ሰባ ሦስት ልጆች ችግሩ ሳይኖርባቸው አይቀርም ተባሉ። ሁለቱን ሰዓት ሙሉ በጂሙ መስኮት ደመና ሲያይ የቆየው፣ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠርተውት ያልሰማው፣ ቁርጥ ወንድሜን የሚመስለው አንድ ልጅ ግን ማንንም ስላልረበሸ ዜሮ አግኝቶ ተሸኝቷል። ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ መፈጸም ከባድ ችሎታ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ በኖቬምበር 16 በጠባቡ የሥራ ቦታዬ ተገኝተው ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ያንን ግሩም ቀንዳም አጋዘን ጭነው ሲመጡ አሥራ አንድ ፒክአፕ ተሰልፎ ነበር። እርስዎ ግን ሁሉንም አልፈው ገብተው "ኢርማ፣ የኔን አስቀድሚልኝ፣ በጣም ቸኩያለሁ" ሲሉ፣ ከጠዋት ጀምረው የቆሙት ሽማግሌው ኤይኖ "አንተ ዶክተር፣ ተራ የሚባል ነገር አታውቅም እንዴ? ውጣና ከኋላ ተሰለፍ!" ብለው የጮኹትን ያስታውሱታል። ሦስት ሰው አቋርጠው ተናገሩ፣ የቢላዋዎቼን መሳቢያ ከፍተው ዘጉ፣ አንዱን አንስተው ሌላ ቦታ አስቀመጡ፣ ከዚያም የመኪናዎ ቁልፍ ጠፋብኝ ብለው ምድሩን ቀውጢ አደረጉት። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቁጥር ትጽፍ የነበረችው አይሊ ቀና እንኳ ሳትል "ቁጥርዎ አርባ ሰባት ነው። ቁልፍዎን ደግሞ ቀንዱ ላይ አንጠልጥለውታል" አለችዎት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እርስዎም ስቀው ራሷን ደባበሱና "ይህች ልጅ ቀልቧ የተሰበሰበ ናት" አሉኝ። ቃልዎን እንደ ምስክር ወረቀት በልቤ ይዤዋለሁ።

አራተኛ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ፣ በልየታው የተያዙት ልጆች ለሁለተኛ ፈተና አንድ በአንድ ተጠሩ። ፈተናው፣ እርስዎ የመረጋጊያ ክፍል ብለው በሰየሙት፣ ቀድሞ ባልዲና መጥረጊያ ይቀመጥበት በነበረው መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ፣ ስክሪን ላይ ፊደል ብቅ ባለ ቁጥር ቁልፍ እየተጫኑ ሃያ ደቂቃ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ነው። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ አይሊ ሽንቴ መጣ አለች። ረዳት መምህርቷ ወይዘሮ ግሬታ "ቁጭ በይ! አሁን ከተነሳሽ ፈተናው ይበላሻል" አሏት። ልጄ ተነሳች። ትከሻዋን ጨምድደው ወደ ወንበሩ መለሷት። ነከሰቻቸው፤ አልክድም፣ ደም እስኪወጣ ነክሳቸዋለች። የስፖርት መምህሩ ተጠሩ። ሁለት መቶ ሃያ ፓውንድ የሚመዝኑ ሰው ሃምሳ አንድ ፓውንድ የምትመዝን ልጅ ፍራሽ ላይ በፊቷ ደፍተው፣ በጉልበታቸው ጀርባዋን ተጭነው፣ ቀኝ እጇን ወደ ኋላ ጠመዘዙት፤ ክንዷም ቀጭ አለ። በዚህ ወር ከሁለት መቶ በላይ አጋዘን በእጄ አልፏል። አጥንት ከመጋጠሚያው ሲላቀቅና መሀሉ ላይ ሲሰበር ድምፁ እንደሚለያይ አውቃለሁ፤ የልጄ የተሰበረው መሀሉ ላይ ነው። ከዚያ እስክትረጋጋ ተብሎ በሩ ከውጭ ተቆለፈባትና ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻዋን ቆየች። ሽንቷ አመለጣት። ጩኸቷ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ይሰማ እንደነበር የክፍል ጓደኞቿ ነግረውኛል። ጩኸቱ ያቆመበትን ሰዓት ሠራተኞችዎ "ተማሪዋ ተረጋግታለች" ብለው በጥንቃቄ መዝግበውታል።

ጸሐፊዎ ደውላ "ኢርማዬ፣ አይሊን እጇን ትንሽ ነካ አድርጓታል፣ ሲመችሽ ብቅ በይ" ስትለኝ የመግፈፊያ ቢላዋው በእጄ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ወጣሁ። ፍራሹ ላይ ረጥባ፣ ክንዷ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፎ ሳያት ግን፣ ለምን ትቼው መጣሁ አልኩ። እውነቱን ልንገርዎ፤ የዚያን የስፖርት መምህር ክንድ በገዛ እጄ መስበር ፈልጌ ነበር፣ የቱ ጋ እንደሚሰበርም አላጣውም፣ አሁንም ሌሊት ሌሊት በሐሳቤ እሰብረዋለሁ። ጥርሴን ነክሼ ልጄን ታቅፌ ወጣሁ። ከእኛ ሁለት ሰዎች መካከል እጁን መቆጣጠር ያልቻለው ማን እንደሆነ ቦርድዎ ሐሙስ ዕለት እንዲያስብበት በትሕትና አሳስባለሁ። ወይዘሮ ግሬታ በተነከሰ እጃቸው በሩን ይዘው "እኔ እኮ መመሪያው የሚለውን ነው ያደረግኩት" አሉኝ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ከቤታቸው እስከ ቤቴ አርባ እርምጃ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ።

አይሊ መኪና ውስጥ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ "እማ፣ ሽንቴን ሸንቼ እመለሳለሁ ብያቸው ነበር እኮ። አንድም አልሳትኩም ነበር።"

አምስተኛ፣ አልሳተችም። መሣሪያው ያተመው ወረቀት በሕግ ስለሚገባኝ ጠይቄ ወስጃለሁ። እስከ አሥራ አራተኛው ደቂቃ ድረስ አንድም ስህተት የለበትም። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ባዶ ነው፣ ምክንያቱም ቁልፉን የምትጫንበት እጅ ተሰብሯል። ሠራተኞችዎ ግን ይህንኑ ባዶ ወረቀት ይዘው "ፈተናውን መጨረስ አልቻለችም፤ ከፍተኛ የትኩረት ችግር አለባት፤ በሠራተኛ ላይ ጥቃት ፈጽማለች" ብለው ጽፈዋል። ስለ ክንዷ የተጻፈው "አካላዊ ድጋፍ ተደርጎላታል" የሚል ነው። ድጋፍ! በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ለስንቱ አጋዘን ድጋፍ ሳደርግ እንደኖርኩ ዛሬ ነው የገባኝ።

ስድስተኛ፣ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ያ ወረቀት ከልጄ ፋይል ይውጣ። የዚያ ክፍል በር ከነመቆለፊያው ይነቀል። ልየታው ጃንዋሪ ላይ፣ ልጆቹን በሚያውቅና ለመሄድ በማይቸኩል ሰው እንደገና ይደረግ፣ ደመና የሚያየውንም ልጅ አይርሳው። አይሊም ከጓደኞቿ ጋር በራሷ ወንበር ትቀመጥ። በየማለዳው ቦርሳዋን በግራ እጇ ይዛ በሩ ላይ ትቆምና "ዛሬም ያ ክፍል አለ?" ትለኛለች፣ እኔም አለ ስላት ተመልሳ ትገባለች። ልጄ ትምህርት ትወድ ነበር። ይህን የወሰዱባት እርስዎ ነዎት፣ መመለስ የሚችሉትም እርስዎ ነዎት።

ሐሙስ ዕለት ከሁሉ ቀድሜ ተገኝቼ፣ በፊተኛው ረድፍ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሳልቀበጠበጥ እንደምጠብቅዎ እያረጋገጥኩ፣ ይህን ረጅም ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ የሚያስፈልገውን ትኩረት እንዲያድልዎ በመጸለይ፣ ከማያባራ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የስምንት ዓመቷ የአይሊ እናት
ኢርማ ኮስኬላ

ማስታወሻ፦ ቁጥር አርባ ሰባት፣ አጋዘንዎ፣ ተቆራርጦና ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ክፍሌ ውስጥ ይጠብቅዎታል። ሰባ አራት እሽግ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ስምዎን፣ የሥጋውን ዓይነትና ቀኑን የጻፈችው ትምህርት ቤት መሄድ ስለፈራች እኔ ጋ የምትውለው አይሊ ናት፤ አራት ሰዓት ሙሉ ከበርጩማዋ አልተነሳችም፣ አንድም አልተሳሳተችም። ፊደሎቹ ጠመም ቢሉብዎት ይቅርታ ያድርጉላት፤ የጻፈችው በግራ እጇ ነው።