ፔርሙዛችንን ስለማጣታችንና መምህር ዘርኡን ስለማባረራችን

በዓይደር የምንገኘው የ«ጠመኔ» ጡረተኛ መምህራን ማህበር አባላት፣ ባለ ሁለት ሊትሩና ባለ ቀይ አበባው ክቡር ፔርሙዛችን ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት በማህበሩ አዳራሽ ሲሚንቶ ላይ ወድቀው ማረፋቸውን የምንገልጸው በጥልቅ ሀዘን ነው። ሀዘኑን ጥልቅ ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንደርስበታለን።

ክቡርነታቸው በ2001 ዓ.ም. ማህበሩን ከተቀላቀሉበት ቀን ጀምሮ ያለ ዓመት ፈቃድ አገልግለዋል።

በ2010 ዓ.ም. ቧንቧው ለሳምንታት በደረቀ ጊዜ የመጨረሻዋን ትኩስ ውሃ በሆዳቸው ይዘው ስብሰባችንን አስቀጥለዋል።

በ2014 ዓ.ም. ስኳርም ሻይ ቅጠልም ከከተማው ሲጠፋ ባዶ ውሃ አሙቀው በክብር አቅርበዋል። እሳቸው አልተማረሩም። የተማረርነው እኛ ነን።

አሟሟታቸውን በተመለከተ፦ በማህበራችን ልማድ በየቅዳሜው ሻይ የሚቀዳው ተረኛው አባል ነው። የዕለቱ ተረኛ መምህር ዘርኡ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ጂኦሜትሪ ያስተማሩ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ ኮምፓስ ክብ የሚስሉ ሰው። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ክቡር ፔርሙዝ አመለጧቸው። ሊቀመንበራችንና የቀድሞው የስፖርት መምህር አቶ ዘሚካኤል፣ «ኣንታ ዘርኡ፣ ገና በጠዋቱ ቀምሰሃታል እንዴ?» አሉ። ሳቅን። ሳቁ በቃለ ጉባኤው ስላልሰፈረ እዚህ ይስፈር፦ ሁላችንም ሳቅን።

የካቲት 1 ቀን የማህበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ጉዳዩን «በሳይንሳዊ መንገድ» አጣራ። መምህር ዘርኡ ደጃፋችን ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከመሬት ጋር የተሰፋ ይመስል ቀጥ ብለው ቀሩ። አቶ ዘሚካኤል ለልጆች ዝላይ እንደሚያደርጉት ወለሉን በጠመኔ አግድም አግድም አሰመሩና «በል ተራመዳቸው!» ብለው ፊሽካ ነፉ። ጡረታ ወጥተውም ፊሽካ በኪሳቸው ይዘው እንደሚዞሩ ያወቅነው ያኔ ነው። መምህር ዘርኡ መስመሮቹን እያዩ፣ አንዱንም ሳይስቱ፣ ተራምደው ገቡ።

«አያችሁት? ሲፈልግ መራመድ ይችላል! አስመሳይ!» አሉ አቶ ዘሚካኤል።

ጸሐፊያችን ወ/ሮ ሰርካዲስ «ታዲያ የሰከረ ሰው እንዲህ አስተካክሎ ይረግጣል?» ብለው ጠየቁ፤ ከሥርዓት ውጭ ናቸው ተባሉ። መምህር ዘርኡ ሰካራምም አስመሳይም ሆነው በመገኘታቸው ከማህበሩ ተሰናበቱ። ስባሪውን አስታቅፈን ሸኘናቸው። የመባረራቸውን ማስታወቂያም በሩ ላይ ለጠፍን፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አነበበው። ከዚያም ከጎረቤት በተለመነ ፔርሙዝ ሻያችንን ጠጥተን ተበተንን።

መጋቢት 6 ቀን የመምህር ዘርኡ ባለቤት ወ/ሮ ኣዳነች መጥተው፣ አልቀመጥም ብለው፣ የነርቭ ሐኪሙ ያስረዷቸውን ነገሩን። በሽታው ፓርኪንሰን ነው። በአንጎል ውስጠኛው ክፍል ባዛል ጋንግሊያ የሚባሉ የህዋስ ስብስቦች አሉ፤ የትኛው እንቅስቃሴ ይለፍ፣ የትኛው ይታገድ የሚለውን የሚያስተናብሩ እነሱ ናቸው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጋቸው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሲያንስ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ደጃፍ ላይ እግር ይታሰራል። ወለሉ ላይ መስመር ካለ ግን ዓይን አንጎልን በሌላ መንገድ ያግዘዋል፤ የታሰረው እግር ይፈታል። በአጭሩ፣ ኮሚቴያችን የአስመሳይነት ማስረጃ ብሎ ያጨበጨበለት የበሽታው ጠባይ ነበር።

ወ/ሮ ኣዳነች ሲጨርሱ «የእሱስ አንጎሉ ነው። እናንተን ምን ነካችሁ?» አሉ። ኮሚቴው ጥያቄውን ለቀጣዩ ስብሰባ አስተላለፈው። የኮሚቴው ባዛል ጋንግሊያ ጤነኛ ነው ብለን እንገምታለን፤ ምላሱን የሚያግድለት ክፍል ግን በየትኛውም ምርመራ የሚገኝ አይመስለንም።

መጋቢት 20 ቀን ደጃፋችን በነጭ የዘይት ቀለም ተሰምሮ መምህር ዘርኡ በክብር ተጠሩ። መጡም። ደጃፉ ላይ ቆሙ። ተነስተን አጨበጨብን። አቶ ዘሚካኤል «ግባ እንጂ ሓወይ! መስመሩን ያስቀባሁልህ እኔ ነኝ» አሉ። መምህር ዘርኡ ግን ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር። የየካቲቱ ማስታወቂያ እንዳልተነሳ የገባን እሳቸው ከላይ እስከ ታች ሲያነቡት ነው። አንብበው ጨረሱ፤ ቀስ ብለው ዞሩ፤ በቀባንላቸው መስመር ላይ እየረገጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ማህበሩ ከአደጋው ለተረፉት ስድስት ብርጭቆዎችና ለስኳር ዕቃው መጽናናትን ይመኛል። ለመምህር ዘርኡ ቤተሰብ መጽናናትን ለመመኘት ፊት የለንም። ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው እንቅልፍ ማጣትን እንመኛለን፤ ለሳቅነውም ለእኛ እንዲሁ። ማስታወቂያው ተነስቷል፤ የሙጫው ምልክት በሩ ላይ ይታያል።

እርማት፦ በዚህ መግለጫ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ክቡር ፔርሙዛችን አርፈዋል የተባለው በስህተት ነው። መምህር ዘርኡ የተሰበረውን የውስጥ ጠርሙስ በአዲስ አስቀይረው ዛሬ ጠዋት በሰው ልከውልናል። ክቡርነታቸው በሙሉ ጤንነት ላይ ናቸው፤ ሻዩም ሞልቶባቸዋል። የመቅዳቱ ተራ አሁንም የመምህር ዘርኡ በመሆኑ ግን ይህ መግለጫ እስከወጣበት ሰዓት ድረስ እጁን የዘረጋ አባል የለም።