ቅቤ ቅቤ ስለሸተተው ትንፋሼና ስለ እድራችን ድንኳን

ለክቡር አቶ ምንይሉ ጌጡ
የወፍጮ ቤት ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
መሐል ሜዳ

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ? ያ ደረቅ ሳል ቀለል ብሎልዎት ይሆን? ቤተሰብዎ፣ በጎችዎ፣ አምና ውርጭ ያቃጠለው የገብስ ማሳዎ ሁሉ በሰላም እንዲከርሙልዎ፣ ሰው ለሰው ሊመኝ ከሚገባው አንዲት ሳላጎድል እመኝልዎታለሁ።

እኔ ደኅና ነኝ። እናቴ ወይዘሮ አመተሥላሴ ግን ከጥምቀት ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ይህን እርስዎም ያውቁታል፤ ቤታችንን ከእድሩ ባገዱበት እሑድ «ሕመምተኛ ያለበት ቤት ቶሎ ቢታረም ይበጀዋል» ብለው ያሳሰቡን እርስዎ ነዎትና። ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። አንድ ልጅ እናቱ ስትሞት ድንኳን እንደማይተከልላት አስቀድሞ ቢያውቅ ልቡን ያዘጋጃል፤ እንዲህ ያለውን ዕድል የሚሰጥ ሊቀመንበር ደግሞ በየሰፈሩ አይገኝም።

ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት፣ እኔን በአደባባይ አሽትተውኝ ሳለ ምስጋናዬን በጓዳ ብልክልዎ ውለታዎን ማሳነስ መስሎ ስለታየኝ ነው። እህሉን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ያንብበው። ማንበብ ለማይችሉም የሚችል ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ልጀምር። አዲስ አበባ በኖርኩባቸው ዓመታት ሲጋራ አጨስ ነበር። እናቴን ላስታምም ወደዚህ ተዛውሬ ማስተማር ስጀምር ሲጋራውን ተውኩና በምትኩ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ማጨሻ ያዝኩ። ከታች ባትሪ አለው። ከላይ ታንክ የሚባል ትንሽ የመስታወት ዕቃ። በታንኩ ውስጥ ጥጥ ያቀፈች ጠምዛዛ ሽቦ አለች፤ ኮይል ትባላለች። ጥጡ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ሽቦዋ ትግላለች፣ እንፋሎት ይወጣል። ፈሳሹ ብዙ ዓይነት ጣዕም አለው። ወዳጄ ስንታየሁ ከአዲስ አበባ የሚልክልኝ የቫኒላ ክሬም ነበር፤ ሽታው ወተት በስኳር ፈልቶ ቅቤ ጣል የተደረገበት ያህል ነው። የሁዳዴ ቅበላ ዕለት ክሬሙን ከታንኩ ደፍቼ ሎሚ ሞላሁበት። ማንም አላዘዘኝም። እንፋሎትም ቢሆን የጾምና የፍስክ ይኑረው ብዬ ነው።

ኮይሏን ግን አላጠብኳትም። ጣዕም ሲለወጥ ታንኩ ተፈትቶ መታጠብ፣ ኮይሏም ወይ መታጠብ ወይ መቀየር እንዳለባት አላውቅም ነበር። ጥጥ የጠጣውን አይረሳም። ሎሚ ሞልቼ ክሬም ተነፈስኩ። የራሴ አፍንጫ ክሬሙን ለምዶት ስለነበር ለእኔ የሚሸተኝ ሎሚው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ አፍንጫዎ። በምኩራብ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በተደረገው የእድሩ ስብሰባ ላይ አጠገብዎ ብቀመጥ ንግግርዎን አቋርጠው ወደ እኔ ዞሩና «ማዕረግ፣ እስቲ ወዲህ ተንፍስ» አሉኝ። ተነፈስኩ። «አቤት አቤት! ይኼማ ቅቤ ነው!» አሉ። ወይዘሮ ጌታነሽ ከኋላ ሆነው «ለጋ ነው! ላም በሌለበት ቤት ለጋ ቅቤ ከየት መጣ በሉ?» ሲሉ፣ አቶ አስፋው ተነሥተው ከፊቴ ጎንበስ ብለው አሸተቱኝና «የለም የለም፣ የተነጠረ ነው፤ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል» ብለው ፈረዱ። «አንቱ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜዎ ለጋና ንጥር ይሳትዎት!» አሏቸው ወይዘሮ ጌታነሽ። ሰው ሳቀ። ክርክሩ ስለበረታ ጉዳዩን ለድምፅ አቀረቡት፤ በእጅ ብልጫ ለጋ መሆኑ ተወሰነ። መብላት አለመብላቴን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ብጠየቅስ ምን እል ነበር? በእኛ አገር አጫሽ ከመባል ጾም ገዳፊ መባል ሳይቀል አይቀርም። ዝም አልኩ። ዝምታዬም ቅቤ ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ስገባ ከተማሪዎቼ ራቅ ብዬ ከሰሌዳው ጥግ እቆማለሁ። መዳፌ ላይ ተንፍሼ አሸታለሁ። ምንም የለም። ደግሜ አሸታለሁ። ምንም። ያን ሁሉ አፍንጫ ምን አሳሳተው? ምናልባት በልቼ ይሆን? ሰው የማያስታውሰውን ነገር ይበላል? አንድ ቀን ጠዋት ቤት ውስጥ ቅቤ እንደሌለ እያወቅሁ ቅል ቅሉን ከፍቼ ሳይ ራሴን አገኘሁት። ይህ ጥርጣሬ ከዚህ በፊት አልነበረኝም፤ ከእርስዎ የተሰጠኝ ነው፤ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀልድዎ። ጉዳዬ ለሳምንት ሲቀጠር ስንታየሁ ጋ ደወልኩ። «አንተ ሞኝ፣ ኮይሉን በአልኮል ዘፍዝፈዋ፣ አለዚያ ክሬሙ እስከ ፋሲካ አይለቅህም» አለኝ። መሐል ሜዳ ላይ በእጄ የሚገባ አልኮል አረቄ ነው። በብርጭቆ አስቀድቼ ኮይሏን ዘፈዘፍኳት፤ ቸኩዬ በደንብ ሳላለቀልቃት መለስኳት። በመጻጉዕ እሑድ፣ ያ «ሰው የለኝም» ያለው በሽተኛ የሚታሰብበትን ወንጌል ሰምተን ከወጣን በኋላ፣ ከቅቤ ነጽቼ አረቄ አረቄ እየሸተትኩ ከፊትዎ ቆምኩ። እርስዎም አንዴ ሳብ አድርገው «ቅቤውን በአረቄ አወራርዶት መጣ!» አሉ። ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ጥሩ ቀልድ ነበር። እኔም ልስቅ ትንሽ ቀረኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍትሕዎ። በዚያው ስብሰባ ላይ ሌላ መውጫ ስላጣሁ ቬፑን ከሁለቱ ጠርሙሶች ጋር ከኪሴ አወጣሁት። አንዴ ስቤ አሳየሁ። ስለ ጥጡ፣ ስለ ክሬሙ፣ ስለ ሎሚው አስረዳሁ። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ እውነተኛ ጥፋት መዳፍዎ ላይ አስቀምጬልዎት ነበር፤ ዕቃው በሕግ መሸጥ የማይገባው፣ ካህናቱም የሚጠየፉት፣ ለመምህርም የማይመጥን ነው። በዚህ ቢከሱኝ መልስ አልነበረኝም። እርስዎ ግን «ይኼማ ባትሪ ነው! በባትሪ ሊያጃጅለን ነው!» ብለው ቅቤውን መረጡ። ከዚያም ባትሪ ነው ያሉትን ዕቃ ከክሬሙና ከሎሚው ጠርሙስ ጋር «ለምርመራ» ብለው ወሰዱና፣ ቁልፉ በእርስዎ ኪስ ብቻ በሚገኘው የእድሩ ዕቃ ቤት ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር ቆለፉበት። ቤታችንም ታገደ። እናቴ፣ ድንኳን ከመገዛቱ በፊት፣ የበግ ጠጉር ባና ከባና ተሰፍቶ ለቅሶ ይቀመጡበት ከነበረ ጊዜ ጀምሮ የዚህ እድር ሰው ናት። ውሳኔውን ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ድንኳኑን ነው የከለከሉን ወይስ ሰዉንም?»

ሁለቱንም አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አራተኛ፣ ስለ ጉሙ። አገራችን ጉም እንደማይቸግረው ይታወቃል። ከአንድ ዕቃ ቤት ጀርባ ብቻ የሚነሣ፣ ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል ብቻ የሚመጣ፣ በመጣም ቁጥር የሚያስል ጉም ግን እኔ በበኩሌ ሰምቼ አላውቅም። አጥራቸው ከዕቃ ቤቱ ጋር የሚዋሰነው ወይዘሮ የትምወርቅ «ልጄ፣ ትናንት ጉሙ ሎሚ ሎሚ አለኝ፤ ዛሬ ደግሞ ገንፎ በቅቤ ሆነብኝ። የጾሙ ድካም ይሆን?» ብለው ጠይቀውኛል። አይዞዎት፣ ድካም አይደለም አልኳቸው። በሆሳዕና ዕለት ደግሞ ክቡርነትዎ የዘንባባ ቀለበት በጣትዎ አጥልቀው ምእመኑን አንድ በአንድ ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ፣ ያለፉበት ሁሉ የወተት ቤት መሰለ። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ቆሜ እጠብቅ ነበር። አሁን አንድ ሰው ይናገራል እል ነበር። ለጋውን ከንጥሩ ለይተው ያወቁት አፍንጫዎች በሙሉ ግን ያን ቀን ጉንፋን ይዟቸው ነበር።

ከሳልዎ እንደተረዳሁት፣ ሁለቱን ጠርሙስ እያፈራረቁ ኮይሏን ሳያጥቡ ነው የሚስቡት፤ ጥጧም አርራለች። ለእኔ በጊዜው ያልተነገረኝን ለእርስዎ ልንገር። ታንኩን ባዶ ያድርጉት። ይፍቱትና መስታወቱን፣ የአፉን መሳቢያ፣ ቀጫጭኖቹን የጎማ ቀለበቶች ሳይቀር በሙቅ ውሃ ይጠቡ፤ ጎማም እንደ ጥጥ ሽታ ያቆራል። ኮይሏን ይዘፍዝፉ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቋት፣ ጨርሳ እስክትደርቅ ይታገሡ። መልሰው ሲገጥሟት ጥጡ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ጠብ ጠብ ያድርጉበት፤ ታንኩን ከሞሉ በኋላም ወዲያው አይሳቡ፤ ያልራሰ ጥጥ ሲቃጠል ጉሮሮ ይልጣል። ጠቁራ ከሆነ ግን ማጠቡ አይረዳም፤ ይጣሏት። እርስዎ ሰው መጣል አይቸግርዎትም፣ ሽቦ አያቅትዎትም።

ይህን ሁሉ የምመክርዎ ሳልዎ አሳዝኖኝ አይደለም። ለዳግማይ ትንሣኤ ድምፅዎ ጥርት ብሎ እንዲመለስልዎ ስለምፈልግ ነው። በዚያ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤው ቤታችን ለዘለቄታው ይሰረዝ አይሰረዝ የሚለውን ይወስናል፤ ይህን ያስጠሩት እርስዎ ነዎት። እመጣለሁ። አጠገብዎ እቀመጣለሁ። አቶ አስፋውና ወይዘሮ ጌታነሽም በመጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እርስዎን፣ በዚያው ሥርዓት ጎንበስ ብለው እንዲያሸቱን እጠይቃለሁ። ከዚያ ዕቃ ቤቱ በሁሉም ፊት ይከፈት፤ ለምርመራ የገቡት ጠርሙሶች ምን ያህል እንደተመረመሩ ሰው ይይ። ለሽታ የሚታገድ ቤት ካለ ሁለት ቤት ይታገድ። የእናቴን ስም ይመልሱልኝ ብዬ አልለምንዎትም። ይመልሱታል። በእርስዎ ላይ ድምፅ ሲሰጥ ደግሞ እጄን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ ልከውም «ይቅር ለእግዜር» አያሰኙኝም። በሰሙነ ሕማማት፣ ሰው ሁሉ ለስግደት በወጣበት ቀን፣ እንዲህ ያለ ቃል መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አንሥቻለሁ። በመጨረሻ ግን ጻፍኩት።

ሰላምዎ እንደ ሳልዎ የማያቋርጥ፣ ጾምዎ እንደ ትንፋሽዎ መዓዛው ከሩቅ የሚታወቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ያለው ብርድ እንዳይመታዎ ጋቢ ደረብ አድርገው እንዲወጡ እያሳሰብኩ፣ ስላደረጉልን ሁሉ ብድርዎን እስክመልስ እንቅልፍ የማይወስደኝ

አክባሪዎና ታዛዥዎ
ማዕረግ ወልደ ጻድቅ
መሐል ሜዳ፣ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ረዘመ» አለች። ቀጥላም «ይችን ብቻ ጨምርልኝ» ብላ እንዲህ አጻፈችኝ፦ «ምንይሉ ልጄ፣ እናትህ ያን ሁሉ ጊዜ ተኝታ የሞተች ዕለት ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲወጣ፣ አጥቤ የገነዝኳት እኔ ነኝ። ምን ምን ትሸት እንደነበር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።»